የፕሮስታግላንዲኖች መዋቅር፣ ምደባና ስያሜ፦ ስሞቹ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉና በሞያሌ ቋንቋዎች መካከል ሲነገሩ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ፕሮስታግላንዲኖች በሰውና በእንስሳት አካል ውስጥ ከስብ አሲድ የሚሠሩ፣ እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን ከፍተኛ ውጤት የሚያስከትሉ ውሁዶች ናቸው። የእያንዳንዱ ውሁድ ስም ከአንድ ፊደል፣ ከአንድ ቁጥርና አንዳንድ ጊዜም ከአንድ የግሪክ ፊደል ስም የተዋቀረ ነው። ሦስቱም የስሙ ክፍሎች የሞለኪዩሉን ቅርጽ ያመለክታሉ። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የውሁዶቹን መዋቅርና ምደባ ያብራራል፤ ቀጥሎም ስሞቹ በግዕዝ ፊደል ሲጻፉና ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ምን እንደሚገጥማቸው የሞያሌን የቋንቋ ሁኔታ አብነት አድርጎ ይመረምራል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. መግቢያ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ ያለች፣ አንድ ስም ይዛ ለሁለት የተከፈለች ከተማ ናት። የኬንያው ክፍል በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ይገኛል፤ የኢትዮጵያው ክፍል ደግሞ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ሥር ነው። በከተማይቱ ቦረንኛ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ቡርጂኛ፣ አማርኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይሰማሉ። ገበያተኛውና ታማሚው ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ይመላለሳሉ፤ መድኃኒትም እንዲሁ። መድኃኒት ድንበር ሲሻገር ስሙም አብሮ ይሻገራል፤ ስሙን የሚጠራው ሰው ግን የሚጠራው በለመደው የፊደል አጠራር ነው።

አብዛኛው የመድኃኒት ስም በአጠራር ቢለዋወጥም ማንነቱ አይጠፋም። «ፓራሲታሞል» በየትኛውም ቋንቋ ቅላጼ ቢነገር ሰሚው ይረዳዋል። የፕሮስታግላንዲኖች ስም ግን ከዚህ ይለያል። በእነዚህ ስሞች ውስጥ የአንዲት ፊደል ወይም የአንዲት አናባቢ ለውጥ አንዱን ውሁድ ወደ ሌላ ውሁድ ይቀይረዋል። ውሁዶቹ ምጥን ለማስጀመር፣ ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ ለመግታት፣ ላሞችን በአንድ ወቅት ለማስኮርመምና ለሌሎችም አገልግሎቶች የሚውሉ በመሆናቸው፣ የስሙ ትክክለኛነት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ስሙን በትክክል ለመጻፍ ደግሞ አስቀድሞ ስሙ ምን እንደሚል ማወቅ ያስፈልጋል።

2. የወል ስሙ አመጣጥ

እ.ኤ.አ. በ1930 ኩርዝሮክና ሊብ የተባሉ የኒው ዮርክ ሐኪሞች የሰው ዘር ፈሳሽ የማህፀንን ጡንቻ እንደሚያኮማትርና እንደሚያላላ አስታወቁ። በ1930ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝ ጎልድብላት፣ በስዊድን ኡልፍ ፎን ኦይለር በየፊናቸው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ፎን ኦይለር ንጥረ ነገሩ ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ መስሎት በ1935 «ፕሮስታግላንዲን» ብሎ ሰየመው። ስሙ «ፕሮስቴት» እና «ግላንድ»፣ ማለትም ዕጢ፣ ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው። በኋላ እንደታወቀው ግን ፈሳሹ በብዛት የሚመነጨው ከፕሮስቴት ሳይሆን ከዘር ከረጢቶች ነው። ከዚያም አልፎ ፕሮስታግላንዲን በሴትም በወንድም፣ በአብዛኛው የሰውነት ክፍል ውስጥ እንደሚሠራ ተረጋገጠ። ስያሜው ስሕተት ላይ ቢመሠረትም ጸንቶ ቀረ።

ይህ ለአማርኛ የስያሜ ሥራ አንድ ትምህርት ይሰጣል። የወል ስሙን በትርጉም ለመተካት የሚሞክር ሰው «የፕሮስቴት ዕጢ ቅመም» የሚል ዓይነት ስም ቢያወጣ የፎን ኦይለርን ስሕተት ወደ አማርኛ ያሻግራል። ከዚህም የተነሣ የወል ስሙን እንዳለ መዋስ ከመተርጎም ይሻላል።

3. ኬሚካዊ መዋቅር

የስዊድኑ ተመራማሪ ሱኔ በርግስትረም ከባልደረቦቹ ጋር በመሆን ከበግ የዘር ከረጢት በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን ንጹሕ ፕሮስታግላንዲኖች ለየ፤ መዋቅራቸውም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ። በርግስትረም፣ ቤንግት ሳሙኤልሶንና እንግሊዛዊው ጆን ቬን በዚሁ ዘርፍ ባበረከቱት ሥራ የ1982ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ማናቸውም የተፈጥሮ ፕሮስታግላንዲን 20 የካርቦን አቶሞች አሉት። ካርቦኖቹ ከ1 እስከ 20 ተራ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ከ8ኛው እስከ 12ኛው ያሉት አምስት ካርቦኖች እርስ በርሳቸው ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ከቀለበቱ ሁለት የጎን ሰንሰለቶች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ከ1ኛው እስከ 7ኛው ካርቦን ያለው የአልፋ ሰንሰለት ሲሆን፣ ጫፉ ላይ አሲድነትን የሚሰጠው የካርቦክሲል ቡድን ይገኛል። ሁለተኛው ከ13ኛው እስከ 20ኛው ያለው የኦሜጋ ሰንሰለት ነው። ጠቅላላ ቅርጹ ከመካከሉ ታጥፎ ሁለት እግሮቹ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሽቦ ይመስላል፤ ቀለበቱ እጥፋቱ ላይ ነው። ምንም ተጨማሪ ያልታከለበት ይህ አፅም «ፕሮስታኖይክ አሲድ» ይባላል። ለስያሜ መነሻነት የተወሰደ ሐሳባዊ አፅም ነው።

ሥራ የሚሠሩት የተፈጥሮ ፕሮስታግላንዲኖች በአብዛኛው ሁለት የጋራ ምልክቶች አሏቸው። በ13ኛውና በ14ኛው ካርቦን መካከል ድርብ ትስስር አለ፤ በ15ኛው ካርቦን ላይ ደግሞ የሃይድሮክሲል ቡድን፣ ማለትም ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ተያይዘው ይገኛሉ። የ15ኛው ካርቦን ሃይድሮክሲል ለአካሉም መቆጣጠሪያ ነው። ሰውነት ፕሮስታግላንዲንን ለማምከን ሲፈልግ ኢንዛይሙ መጀመሪያ የሚያጠቃው ይህንኑ ቦታ ነው። በደም ውስጥ የገባ የተፈጥሮ ፕሮስታግላንዲን በሳምባ በኩል ሲያልፍ አብዛኛው የሚመክነው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ምደባ፦ ፊደሉ ምን ይላል?

ከወል ስሙ ቀጥሎ የሚመጣው የላቲን ፊደል የቀለበቱን ሁኔታ ይገልጻል። በአማርኛ እነዚህ ፊደላት በእንግሊዝኛ ስማቸው ተወስደው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች፣ አይ፣ ጄ ተብለው ይጻፋሉ።

በኢ ቡድን ቀለበት 9ኛው ካርቦን ላይ ኬቶን፣ ማለትም በድርብ ትስስር የተያያዘ ኦክሲጅን አለ፤ 11ኛው ላይ ሃይድሮክሲል አለ። በዲ ቡድን የሁለቱ ቦታ ይለዋወጣል፤ ሃይድሮክሲሉ 9ኛው፣ ኬቶኑ 11ኛው ላይ ይሆናል። በኤፍ ቡድን ሁለቱም ቦታዎች ሃይድሮክሲል ይይዛሉ። ኢ2 እና ዲ2 እያንዳንዳቸው 20 ካርቦን፣ 32 ሃይድሮጅንና 5 ኦክሲጅን አላቸው፤ በቆጠራ አይለያዩም። ነገር ግን ኢ2 ትኩሳትን ያስነሣል፣ የማህፀንን አፍ ያለሰልሳል፤ ዲ2 ደግሞ በአንጎል ውስጥ እንቅልፍን ከሚያመጡ ንጥረ ነገሮች አንዱ ነው። ልዩነቱ ያለው በሁለት ካርቦኖች ላይ ነው፤ ያንን ልዩነት የሚናገረውም ፊደሉ ብቻ ነው።

ጂ እና ኤች የሌሎቹ መሸጋገሪያዎች ናቸው። በሁለቱም 9ኛውንና 11ኛውን ካርቦን የሚያገናኝ የሁለት ኦክሲጅኖች ድልድይ አለ። ሰውነት ከስብ አሲዱ በመጀመሪያ ጂን፣ ከጂ ኤችን ይሠራል፤ ከኤች ደግሞ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍና አይ ይወጣሉ። አይ፣ በሌላ ስሙ ፕሮስታሳይክሊን፣ በኦክሲጅን የተዘጋ ሁለተኛ ቀለበት ያለውና የደም ሥርን የሚያሰፋ ነው። ጆን ቬን በ1971 እንዳሳየው አስፕሪን ሕመምንና ትኩሳትን የሚያበርደው የዚህን ሰንሰለት የመጀመሪያ እርምጃ በመዝጋት ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ኤ፣ ቢና ሲ በቀለበታቸው ላይ ኬቶንና ድርብ ትስስር አላቸው፤ እርስ በርስ የሚለያዩት ድርብ ትስስሩ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ጄ በተመሳሳይ መንገድ ከዲ ውኃ ሲወጣ የሚገኝ ነው።

የፊደላቱ አመራረጥ ከላቦራቶሪ ሥራ የመነጨ ነው። በርግስትረም ሁለቱን ውሁዶች ሲለይ አንዱ ወደ ኤተር፣ ሌላው ወደ ፎስፌት ውሕድ ፈሳሽ ሄደ። ኤተር በላቲን ፊደል በኢ ይጀምራል። ፎስፌት ደግሞ በስዊድንኛ በኤፍ ይጻፋል። ኢና ኤፍ የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ኢ በአሲድ ሲታከም የሚገኘው ኤ፣ በቤዝ ሲታከም የሚገኘው ቢ ተባለ። ከዚያ በኋላ የታወቁት በፊደል ተራ ስም ተሰጣቸው።

5. ቁጥሩና አልፋው

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር በሁለቱ የጎን ሰንሰለቶች ላይ ያሉትን ድርብ ትስስሮች ብዛት ይናገራል። አንድ ከሆነ 13ኛው ካርቦን ላይ የሚጀምረው ብቻ አለ። ሁለት ከሆነ ከ5ኛው ካርቦን የሚጀምር ይጨመራል። ሦስት ከሆነ ከ17ኛው የሚጀምር ሌላ ይታከላል። ቁጥሩ የመነሻውን የስብ አሲድም ይጠቁማል፤ አንደኛው ተራ ከዳይሆሞ ጋማ ሊኖሌኒክ አሲድ፣ ሁለተኛው ከአራኪዶኒክ አሲድ፣ ሦስተኛው በዓሣ ዘይት ከሚገኘው ኢኮሳፔንታኖይክ አሲድ ይሠራል። በሰው አካል የሚበዛው ሁለተኛው ተራ ነው።

ቁጥሩ የመድኃኒትን ብርታት ወይም የሚወሰደውን መጠን አያመለክትም። ኢ2 የኢ1 እጥፍ ብርታት ያለው አይደለም። በአማርኛ ከስም በኋላ የሚመጣ ቁጥር ብዙ ጊዜ ተራን ወይም መጠንን ስለሚያሳይ፣ ይህ ነጥብ በማስተማሪያ ጽሑፍ ውስጥ በግልጽ ሊነገር ይገባል።

በኤፍ ቡድን ስም መጨረሻ ላይ «አልፋ» ወይም «ቤታ» ይታከላል። አልፋ ማለት የ9ኛው ካርቦን ሃይድሮክሲል ከቀለበቱ ገጽ በታች መሆኑን፣ ቤታ ከገጹ በላይ መሆኑን ይናገራል። የኢ ኬቶን በላቦራቶሪ ወደ ሃይድሮክሲል ሲለወጥ ሁለቱም ዓይነቶች ሊገኙ ስለሚችሉ ምልክቱ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ኤፍ2 አልፋ የላሟን የእንቁላል ማቀፊያ ቢጫ አካል አፍርሶ ወደ ኮርማ ፍለጋ ይመልሳታል። በኢትዮጵያ በሐዋሳ አካባቢና በትግራይ ላሞችን በአንድ ጊዜ አስኮርሞ ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት ለመስጠት ጥቅም ላይ የዋለው ሆርሞን ይኸው ነው።

ለከብት አርቢው ሕዝብ ይህ ተጨማሪ ማስጠንቀቂያ አለው። ለከብት የሚወጋው ኤፍ2 አልፋ በቆዳ በኩል ወደ ሰው አካል ሊገባ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የአስም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ብልቃጡን እንዳይነኩ የሚከለከሉት ለዚህ ነው፤ ኤፍ ማህፀንንም የሳምባን ቱቦም ያኮማትራልና።

6. ስሞቹ በግዕዝ ፊደል

በአማርኛ የላቲን ፊደላትን በእንግሊዝኛ ስማቸው የመጥራት ልማድ ጸንቷል። «ቫይታሚን ኤ»፣ «ቫይታሚን ኢ»፣ «ሄፓታይተስ ቢ» የሚሉት አጻጻፎች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። ይህ ልማድ ለፕሮስታግላንዲኖች ሲውል ግን ሁለት ችግሮች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ችግር የዓይን ነው። ኤ እና ኢ በግዕዝ ፊደል የአንድ ፊደል አምስተኛና ሦስተኛ ቅርጾች ናቸው፤ የሚለያቸው ከእግራቸው ላይ ያለ አነስተኛ ምልክት ነው። በእጅ ጽሑፍ ወይም በደበዘዘ ቅጂ ይህ ምልክት በቀላሉ ይሰወራል። ጂ እና ጄም እንዲሁ በሦስተኛና በአምስተኛ ቅርጽ ብቻ ይለያያሉ። በኬሚስትሪው ደግሞ ኤ የኢ ብልሽት ነው። የኢ ቀለበት ኬቶንና ሃይድሮክሲል በመካከላቸው አንድ ካርቦን ብቻ ስላለ፣ ሃይድሮክሲሉ ውኃ ሆኖ ይወጣና ኢ ወደ ኤ ይለወጣል። በኢ1 አምሳል የተሠራው ሚሶፕሮስቶልም እርጥበት ሲያገኘው በዚሁ መንገድ ይበላሻል። ይህ መድኃኒት እንደ ኦክሲቶሲን ማቀዝቀዣ ስለማይጠይቅ እንደ ሞያሌ ላሉ ሞቃት አካባቢዎች ይመቻል፤ ነገር ግን ፍሬው እስከሚወሰድበት ሰዓት ድረስ ከታሸገበት መውጣት የለበትም። በኢ እና በኤ መካከል ያለው አነስተኛ ምልክት የሚሠራውን ውሁድ ከተበላሸው ትለያለች።

ሁለተኛው ችግር የጆሮ ነው። በኦሮምኛ ቁቤ፣ በሶማልኛና በስዋሂሊ የላቲኑ አምስተኛ ፊደል «ኤ»፣ ዘጠነኛው ፊደል «ኢ» ተብሎ ይነበባል። ስለዚህ በአማርኛ «ፕሮስታግላንዲን ኢ» የተባለውን የቁቤ ወይም የስዋሂሊ አንባቢ በለመደው መንገድ ቢጽፈው ፕሮስታሳይክሊን ይሆናል። እርሱ «ኤ» ብሎ የሚጠራውን ደግሞ የአማርኛ ጸሐፊ የመጀመሪያው ፊደል አድርጎ ይወስደዋል። በዚህ ውስጥ ማንም በቋንቋው አልተሳሳተም፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ሥርዓት ተከትለዋል። ስሕተቱ የሚፈጠረው ሥርዓቶቹ በተገናኙበት ቦታ ነው፤ ሞያሌ ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ናት። በተጨማሪም ትሮምቦክሴን የተባለው ስድስት ማዕዘን ቀለበት ያለው ዘመድ ውሁድ «ኤ2» የሚል ስም ስላለው፣ የወል ስም የሌለው ፊደልና ቁጥር ብቻውን በቂ አይሆንም።

7. የመድኃኒት ስሞች

ለእነዚህ ችግሮች ከፊል መፍትሔ የሚሆነው የዓለም ጤና ድርጅት የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ የመድኃኒት ስም ነው። በዚህ ሥርዓት የፕሮስታግላንዲን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች «ፕሮስት» የሚል ግንድ ይይዛሉ። አልፕሮስታዲል ኢ1፣ ዲኖፕሮስቶን ኢ2፣ ዲኖፕሮስት ኤፍ2 አልፋ፣ ኢፖፕሮስቴኖል አይ2 ነው። ካርቦፕሮስት በ15ኛው ካርቦን ላይ ሜቲል የተጨመረበት ኤፍ2 አልፋ ነው፤ የሚያመክነው ኢንዛይም እንዳይደርስበት ተደርጓል። በሚሶፕሮስቶል ደግሞ ሃይድሮክሲሉ ራሱ ከ15ኛው ወደ 16ኛው ካርቦን ተዛውሯል። ላታኖፕሮስት ለግላኮማ የዓይን ጠብታ የሚሆን የኤፍ ዘመድ ነው።

በላቲን ፊደል ግንዱ ሳይለወጥ ይታያል። በግዕዝ ፊደል ግን የግንዱ የመጨረሻ ፊደል ከሚከተለው አናባቢ ጋር ስለሚዋሐድ ቅርጹ ይለዋወጣል፤ በካርቦፕሮስት «ት»፣ በሚሶፕሮስቶል «ቶ»፣ በአልፕሮስታዲል «ታ»፣ በኢፖፕሮስቴኖል «ቴ» ይሆናል። ስለሆነም የአማርኛ አንባቢ ሊፈልገው የሚገባው የማይለወጠውን «ፕሮስ» ነው።

በተለይ ሁለት ጥንዶች ጥንቃቄ ይሻሉ። ዲኖፕሮስትና ዲኖፕሮስቶን የሚለያዩት በመጨረሻቸው ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ኤፍ፣ ሁለተኛው ኢ ነው። ዲኖፕሮስቶንና ሚፌፕሪስቶን ደግሞ «ፕሮስቶን» እና «ፕሪስቶን» በሚሉ መጨረሻዎች ይመሳሰላሉ። ሚፌፕሪስቶን ግን ፕሮጀስትሮን የተባለውን ሆርሞን የሚቃወም እንጂ ፕሮስታግላንዲን አይደለም።

መጠንም የስሙን ያህል ይጠነቀቁለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦክሲቶሲን በማይገኝበት ቦታ ከወሊድ በኋላ የሚከሰትን የደም መፍሰስ ለመከላከል በአፍ የሚወሰድ 600 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶልን ይመክራል፤ ይህም ባለ 200 ማይክሮግራም ሦስት ፍሬ ነው። ምጥ ለማስጀመር የሚሰጠው ግን በአንድ ጊዜ 25 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት ለድኅረ ወሊድ የተመደበው መጠን ቢሰጥ ማህፀን እስከ መቀደድ ሊደርስ ይችላል። በአማርኛ «ማይክሮግራም» እና «ሚሊግራም» በምህፃረ ቃል ሲጻፉ የሚለያቸው «ማ» እና «ሚ» ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ግን የሺህ እጥፍ ልዩነት አለ።

8. ማጠቃለያ

የፕሮስታግላንዲን ስም አጭር የመዋቅር መግለጫ ነው። የወል ስሙ ሃያ ካርቦንና አንድ ቀለበት እንዳለ፣ ፊደሉ በቀለበቱ ላይ ምን እንደተቀመጠ፣ ቁጥሩ በሰንሰለቶቹ ላይ ስንት ድርብ ትስስር እንዳለ፣ አልፋው ሃይድሮክሲሉ በየት በኩል እንደሆነ ይነግራል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢዛነፍ የቀረው ስም የሌላ ውሁድ ስም ሊሆን ይችላል።

በአማርኛ ለሚዘጋጁ የማስተማሪያና የጤና ጽሑፎች ከዚህ የሚከተሉት አራት የአጻጻፍ ደንቦች ይመነጫሉ። የወል ስሙ ሳይተረጎምና ሳያጥር ይጻፍ። የፊደሉ ስም ብቻውን አይቆም፤ ከዓለም አቀፉ የመድኃኒት ስም ጋር «ፕሮስታግላንዲን ኢ2፣ ማለትም ዲኖፕሮስቶን» እየተባለ ይጣመር። የመለኪያ ስሞች በምህፃረ ቃል አይጻፉ። ከአንድ በላይ ቋንቋ በሚነገርባቸው ከተሞች ደግሞ የመድኃኒቱ ስም በቃል ብቻ አይተላለፍ፤ ማሸጊያው ራሱ ይታይ፣ በላዩ የተጻፈውም ፊደል በፊደል ይነበብ። እነዚህ ደንቦች ወጪ የማይጠይቁ ናቸው። በሞያሌ ግራና ቀኝ ያለው የጤና ባለሙያ በየትኛውም ቋንቋ ቢሠራ ስለ አንዱ ውሁድ ሲናገር ሌላው ያንኑ ውሁድ እንዲረዳ ያስችላሉ።